የእናቴ ዘይት

የዘይቱ ክዳን አረንጓዴ በርቶ ወዲያው ተከፈተ። ክዳኑ የሚከፈተው የሽፈራውን (የሞሪንጋውን) ዛፍ ፍሬ የጨመቀችው ሴት ጤነኛ ከሆነች ብቻ ነው፤ የታመመ ሰው የጨመቀውን መሸጥ በሕግ ከተከለከለ አራት ዓመት ሆነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው። እጇ ላይ ያለው አምባር የልቧን ምት ከአርባ ምንጭ ይልካል።

ሽንኩርቱ ላይ ጨመርኩ፣ የተረፈውን ጠብታ እጄን ተቀባሁና ደወልኩላት። ትንፋሽ አጠራት።

"እማዬ፣ አምባርሽ የት አለ?"

"አብራኝ የምትጨምቀው ወርቂቱ የእኔንም የራሷንም አስራለች። እሷ ጉልበታም ናት።"

"ካመመሽ ስንት ቀንሽ ነው?"

"ዘጠኝ። ትርፌ፣ አደራ እንዳትናገሪ! ከታወቀ የጨማቂዎች ማኅበራችን ዘይት በሙሉ ይቆለፋል። አርባ ቤት ጦሙን ያድራል።"

ሳል ያዛት። ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ።

"እማዬ? እማዬ!"

ወደ ጨማቂዋ ቤት አምቡላንስ የሚጠራው ጠርሙሱ ሥር ያለው የጥቆማ ቁልፍ ነው፤ ማኅበሩን የሚቆልፈውም እሱው ነው። ተጫንኩት።

የእናቴን ስልክ አንድ ሰው ከወደቀበት አነሳው። ወርቂቱ ናት።

"ክዳኑ ሁሉ ቀይ ሆነ! ምን አደረግሽ?"

"እናቴ ትተነፍሳለች?"

"መጀመሪያ ምን እንዳደረግሽ ንገሪኝ።"