ግፋ እንጂ!

ባሌ በሕይወት ሳለ የጓሮውን ድንች የምናወጣው ለሁለት ሆነን ነበር። እኔ ግንዱን ይዤ ስስብ፣ እሱ ከሥር በአካፋ ይገፋልኛል። ከሞተ ወዲህ ወንድሙ ጓሮዬን ሊወስድ አሰፍስፏል። ዛሬም አጥሩን ተደግፎ፣ "እትዬ፣ ብቻሽን አትችይውም። ልቀቂልኝና እረፊ" አለኝ።

"ልልቀቅልህ? ሞቼ እገኛለሁ!" አልኩና የመጀመሪያውን ግንድ ሳብኩ። ንቅንቅ አላለም።

"ጦምሽን ማደርሽ ነው" ብሎ ሳቀ።

እልህ ያዘኝ። ድሮ ባሌን እንደምለው፣ "ምን ትገተራለህ፣ ግፋ እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

ድንቹ ከነአፈሩ ብድግ አለ። አካፋው ግን ጓዳ እንደተቆለፈበት ነው።

የዋርሳዬ ሳቅ ቀጥ አለ። ሁለተኛውን ግንድ ገና ሳልነካው አፈሩ ከሥር ይነሳ ጀመር።

"ጎሽ!" አልኩት። "እስከ አጥሩ ድረስ ግፋ።"