ከዘራውን የያዘው ሰው

አስር አለቃው ማመልከቻውን ውድቅ ያደረገውን የሕክምና ቦርድ ደብዳቤ ለአራተኛ ጊዜ ከፖስታው አውጥቶ ያችኑ መስመር በጣቱ ያዘ። «አመልካቹ ያለ ከዘራ ቀጥ ብለው ሲራመዱ ታይተዋል።» ማን አየ? ደብዳቤው አይናገርም። «ታይተዋል» ብሎ ዝም!

«እውነት አባዬ፣ ያለ ከዘራ የሄድክበት ጊዜ አለ?» አለች ልጁ።

«አዎ፣ በሕልሜ!»

ልጅቱ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ጠረጴዛው ላይ ራጁን፣ የሐኪም ማስረጃውንና ከጦር ክፍሉ የመጣውን ወረቀት በየተራው ደርድራለች። «በል እሱን ተወውና እንለማመድ። ነገ ሦስት ሰዓት ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ፊት ትቀርባለህ። ከዚህ በኋላ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም።»

እሱም ያውቃል። ዳሌው ውስጥ የቀረችው የመድፍ ፍንጣሪ ከዓመት ዓመት ወደ ነርቩ እየተጠጋች ነው። ጉዳተኛነቱ ካልታመነለት የጦሩ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምናውን አያደርግለትም፤ ካላደረገለት ደግሞ ሐኪሙ ሳያለሳልስ እንደነገረው የሚመጣውን ዓመት በእግሩ ቆሞ አያየውም።

በሩ ተንኳኳና ጓደኛው ራዲዮ ገባ። ጦር ሜዳ የመቶ ጦሩን የመገናኛ ራዲዮ በጀርባው ተሸክሞ ስለኖረ ስሙ በዚያው ቀረ፤ የነገው ምስክርም እሱው ነው። አስር አለቃው ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሰላም ሊለው ሲነሣ ተንገዳገደ። ራዲዮ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ።

«ሰው ፊት አትደግፈኝ አላልኩህም?»

«የምን ሰው? ልጅህ አይደለችም እንዴ?»

«ልጄም ሰው ናት።»

ራዲዮ እየሳቀ ተቀመጠ። «ኪስህ ምን ሸሸግክብኝ?»

«ምንም።»

ምንም ነው እንዴ! የሕክምና ቦርዱ በመረመረው ዕለት በሩ ላይ አብሮት የተቀመጠው ማን ነበር? ራዲዮ። የራዲዮ የጆሮ ጉዳት በአንድ ማመልከቻ የጸደቀውስ በምን ተአምር ነው? አንዱን አንሥተው ሌላውን ሲጥሉ መቼም በባዶ ሜዳ አይሆንም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። የሠላሳ ዓመት ጓደኛውን እንዲህ ማሰቡ አሳፈረው፤ ቢያሳፍረውም ማሰቡን አልተወም።

«እኔ የምለው፣» አለ አስር አለቃው፣ ልጅቱ ሻይ አቅርባ ስትቀመጥ፣ «ቦርዱ ውስጥ የምታውቀው ሰው አለ?»

«የት ውስጥ?»

«ቦርዱ ውስጥ!»

«እኔ? ማንን አውቄ!»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። የኔን ነገር ሰው ሁሉ ካወራው በኋላ ነው እኔ የምሰማው።»

«እኔማ ጭራሽ አልሰማ!» አለ ራዲዮ የደነቆረ ጆሮውን እየጎተተ። ልጅቱ ሳቀች። አስር አለቃው ግን በጎሪጥ ያየው ነበር። የዋህ መስሎ ማለፍን ከማን ተማረው?

ራዲዮ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ ውስጥ ነገር አለ። አውጣው።»

«ነገ ራሱ ይወጣል።»

ልጅቱ ነገሩ ሳይከር ብድግ አለች። «በሉ፣ እኔ ሰብሳቢ ነኝ። ጋሽ ራዲዮ እንደዚያን ዕለቱ በር ላይ ይሆናሉ። አባዬ፣ ውጣና ስጠራህ ልክ ነገ እንደምትገባው አድርገህ ግባ።»

ሁለቱ ጠባቡ ኮሪደር ላይ ወጥተው ቆሙ። አስር አለቃው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። የራዲዮ ትንፋሽ ከኋላው ይሰማዋል። ምሽግ ውስጥ እያሉ ይህን ትንፋሽ ካልሰማ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር፤ ዛሬ ግን ጀርባውን ቆረቆረው።

ከውስጥ ልጅቱ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምፅዋን አጎርንና «አመልካች ይግቡ!» አለች።

አስር አለቃው የጃኬቱን ቁልፎች ቆለፈ። ደረቱን ነፋ። ከዘራውን ዘወር ብሎ ሳያይ ወደ ኋላ ሰጠ፤ የራዲዮ እጅ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበርና ተቀበለው። በሩን ከፍቶ አምስት እርምጃ ቀጥ ብሎ ተራመደ፣ ጠረጴዛው ፊት ተረከዙን አጋጨ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ።

ልጅቱ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀረች። «አባዬ... ከዘራህስ?»

እጁ ግንባሩ ላይ እንዳለ ደረቀ። የዚያን ዕለት ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጡት ሐኪም ኮሎኔል ነበሩ። አለቃ ፊት ከዘራ ተደግፎ መቅረብን ደግሞ ማንም አላስተማረውም። ማድረጉን ራሱ አላስተዋለውም ነበር። ማን እንዳየው አሁን ገባው፤ ማን እንዳሳያቸውም።

ዘወር ሲል ራዲዮ ከዘራውን ደረቱ ላይ አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«ያን ቀንም እንዲሁ ነበር የያዝኩልህ፤» አለ። «ወጥተህ በሩ እንደተዘጋ እላዬ ላይ ወደቅህ። ገብቼ ልንገራቸው ብል በዐይንህ ገደልከኝ።»

ኪሱ ያለችው ደብዳቤ ከበደችው። አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ዳሌው ይነዝረው ጀመር፤ ግራ ጉልበቱ ከዳው፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጦ ቆመ። ከዚያ እስከ በሩ አምስት እርምጃ ነው። ራዲዮ አየው እንጂ ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ራዲዮ፣» አለ አስር አለቃው፣ «ና፣ ደግፈኝ።»

ራዲዮ ወደ ሰብሳቢዋ ወንበር አየ። «ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት። ነገም።»