ከከዘራው የወጣው ብዕር

ብዕር ሠሪው ያልሞከረው ነገር የለም፤ ቀንድ፣ የወይራ ሥር፣ የፈረሰ ቤት መቃን። ሚስቱ «አንድ ቀን እኔንም ቶርኖ ማሽንህ ላይ ታስረኛለህ» እያለች ትቀልድበታለች። ስለዚህ ጎረቤቱ እማማ የሟች ባላቸውን ከዘራ አምጥተው፣ «ለልጄ ብዕር አውጣልኝ፤ አባቱ ይህን እንደያዘ ተኝቶ ነው በዚያው የቀረው» ሲሉት አልገረመውም።

ከዘራውን ቆረጠ፣ መሀሉን በስቶ የነሐስ ቱቦ አስገባበት፣ ቶርኖው ላይ እያሽከረከረ ጠረበው። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በሰም ሲወለውለው እንደ መስታወት አበራ።

እማማ ሊወስዱት ሲመጡ የቀረው ውፍረቱን መለካት ብቻ ነበር። ቶርኖውን አጥፍቶ ብዕሩን ባለ መርፌ መለኪያ አስያዘው። መርፌዋ ትንሽ ወጣች፣ ወረደች። ቆይታ ደግሞ ወጣች። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ አንድ ብረት ለካበት፤ ንቅንቅ አላለችም። ወደ ብዕሩ መለሰው። ወጣች፣ ወረደች፤ በዝግታ፣ ሳታዛንፍ።

«እማማ፣ እስቲ ይቺን መርፌ ይዩልኝ።»

እማማ ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ፊታቸው ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

«ድምፅህን ቀንስ ልጄ» አሉት በሹክሹክታ። «እንዳትቀሰቅሰው።»

መርፌዋ ቆመች።