«ግባ» ያለው ሹፌር

በመጀመሪያ የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ ከኋላው ተሰማ። ቀጥሎ የፍሬን ሲጥታ፤ ከዚያም ጥርት ባለ አማርኛ «ግባ!» የሚል ድምፅ።

ሙዘሚል ባለበት ቀጥ አለ፤ ዞሮ ግን አላየም። ኦማን ውስጥ ከሚሠራበት ሰፈር ከአል ሀይል ተነስቶ እስከዚህ ድረስ በእግሩ ሲኳትን ያረፈደው ይችኑ አንዲት ቃል እያመነዠከ ነበር፤ አገሬ ልግባ ወይስ አልግባ። የሁለት ዓመት ኮንትራቱ አልቋል። ከፊሉም፣ ያስመጣው አሠሪው፣ «ነገ ጠዋት አል ኹዌር ቢሮዬ ድረስ ና፤ ወይ ሌላ ሁለት ዓመት ፈርም፣ ወይ ፓስፖርትህን ውሰድ» ብሎታል። ሲገላበጥ አድሮ፣ ሱብሒን ሰግዶ፣ የሚጠብቀውን ያላለቀ ቪላ ለባልደረባው አደራ ሰጥቶ፣ «ወደቡ መጥራህ እስክደርስ እግሬ ይወስንልኝ» ብሎ ወጣ። ይኸው አሁን፣ ገና አል ጉብራ የሚባለውን ሰፈር ሳያጋምስ፣ ከሰማይ ይሁን ከመንገድ ያልለየው ድምፅ «ግባ» አለው።

«አንተ ልጅ፣ አትሰማም እንዴ? ግባ እንጂ።»

ዞረ። ሰማያዊ የውሃ ቦቴ ነው። በመስኮቱ ያዘነበለው ሹፌር ጠጉሩ ገብስማ፣ በአንገቱ እርጥብ ፎጣ የጣለ፣ ወደ ሃምሳው የሚጠጋ ሰው ነው።

«ልግባ?» አለ ሙዘሚል፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ግባ እያልኩህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

«ከገባሁ እኮ ወዲህ አልመለስም።»

«ማን ተመለስ አለህ? እኔም ወደዚያው ነኝ።»

«እርስዎም ሊገቡ ነው?»

«እኔማ ገብቼ ተቀምጫለሁ፤ ዓይንህ አያይም?»

ሙዘሚል ያን ጊዜ ባነነ። «ለካ መኪናው ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ጀነት መሰለህ?»

በእግሩ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረው። ለስንተኛ ሰው እንደሚናገረው እሱም ጠፍቶታል። በዚያ ከተማ በእግሩ የሚሄድ ሰው ወይ የታመመ ወይ የተጣላ ነው። ጠዋት አንድ ሽማግሌ ኦማናዊ ከፒካፑ ወርዶ ተምር አስጨብጦታል፤ ፖሊስ ባጣቃውን፣ የመኖሪያ መታወቂያውን፣ አገላብጦ አይቶ፣ ጥፋት ቢያጣበት «ያላ፣ ወደ ቤትህ» ብሎታል፤ ባለታክሲዎች የጥሩንባቸውን ድምፅ ሲያጠጡት አርፍደዋል። ይህኛው ግን አልሄደም። ቦቴውን በአንደኛ ማርሽ ከጎኑ ያስከትለው ጀመር፤ ለውሃ እንደሚነዳ በሬ።

«ተካ እባላለሁ፤ የደብረ ሲና ሰው ነኝ። አንተስ?»

«ሙዘሚል። ከከሚሴ።»

«እንግዲያስ ጎረቤት ነን። ወደ ደሴ ስናልፍ አቧራ ስናለብሳችሁ ኖረናል።»

«እኛም በመስኮት ማንጎ ስናቀብላችሁ።»

«ግማሹ የበሰበሰ ነበር» አለ ተካ። «ከኋላህ ነው ያወቅሁህ። እንዲህ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ ሐበሻ ብቻ ነው። ደሞ የተከዘ ሐበሻ። ማን ሞተብህ?»

ሙዘሚል ለሰው ሆዱን የሚገልጥ ልጅ አልነበረም። ዕድሜውን የኖረው ብቻውን ሲያልም ነው። የቦቴው ዝግታ ይሁን የሰውየው አማርኛ፣ ብቻ ነገረው፤ ስለ ነገው ፊርማ፣ ስለ እግሩ ፍርድ። «መግባትም አማረኝ፤ መቅረትም አማረኝ። አንዱን ስይዝ ሌላው ይጠራኛል።»

«እግር ይፈርዳል እንዴ?» አለ ተካ። «እግር አሽከር ነው፤ ያዘዙት ነው የሚያደርሰው።»

«እርስዎ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«እኔም ሁለት ዓመት ብዬ ነበር የመጣሁት።» በፎጣው ጫፍ ግንባሩን ጠረገ። «እህል ውሃህ አላለቀም አሉኝ፤ ፈረምኩ። ደግሞ አላለቀም አሉኝ። ስመጣ ልጄ የሰባት ዓመት ነበረች።»

«አሁንስ?»

«ባለፈው ወር ዳርኳት። በስልክ። እልልታውን ስሰማ ከሙሽራው ዘመዶች አንዱ ስልኩን ተቀብሎ፣ ማን ልበል አለኝ።»

ሙዘሚል መሳቅ ይሁን ማዘን ጠፋበት። እንደ ምንም ደፍሮ፣ ጠዋቱን ሙሉ ራሱን የጠየቀውን ሰውየውን ጠየቀው። «እንግዲህ ምን ይሉኛል፣ ጋሼ ተካ? ልግባ?»

ተካ ፍሬን ረገጠ። ቦቴው ቆመ። ሰውየው መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ መስታወቱን አሻግሮ ብዙ አየ። ከዚያ ፎጣውን ከአንገቱ ፈትቶ መሪው ላይ ሰቀለው፤ በሩን ከፈተ፤ በብረቷ መወጣጫ ወርዶ፣ በቦቴው ጀርባ ዞሮ፣ መንገድ ዳር ወዳለው ግራር አመራ።

ሙዘሚል፣ ሽንቱ መጥቶበት ነው ብሎ፣ ለጨዋነት ፊቱን ማዶ ወዳለው ተራራ አዞረለት። ጠበቀ። ከቦቴው ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ስኳር ያለበት ሰው እንኳ ይህን ያህል አይቆይም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ቢዞር፣ ዛፉ ሥር ማንም የለም።

ተካ፣ ባለፈው ሰኔ ጎርፍ የቦረቦረውን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ፣ ወደ መጡበት እየሄደ ነው።

«ጋሼ ተካ!» አልዞረም። «ጋሼ ተካ፣ ሞተሩ አልጠፋም እኮ።» አልዞረም።

የሹፌሩ በር ወለል እንዳለ ነው። ሙዘሚል ዞሮ መጥቶ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ፣ ሮጦ ሊከተለውም ትቶት ሊሄድም አቅቶት፣ ቆሞ ያየዋል። «ለካ ጋሼ ተካ አገራቸው ሊገቡ ነው» አለ ለራሱ። ሰውየው በመጀመሪያ እንደ ሹፌር ነበር የሚራመደው፤ ጉልበቱን ሳይዘረጋ፣ መሬቱን ሳያምን። ከዚያ አንድ እርምጃው ረዘም አለ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ ከዚያም ረዘመ።