ግማሽ ሜትር ወደ ታች

ቴርሞሜትሩን ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ስሰካ እጄ ጭቃ ነካ። ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል፤ ታዲያ ይሄ ጭቃ ከየት መጣ? ቀና ብዬ ስቃኝ በጉድጓዱ ዙሪያ ብቻ ጭድ ተጎዝጉዟል፣ ከጭዱ ሥር መሬቱ ርሷል። አንድ እርምጃ ወዲያ ያለው አፈር ግን እንደ ዱቄት ይቦናል።

ሁለቱ ወንድሞቼ ከአናቴ ቆመው ይጠብቃሉ። የአባታችንን መሬት ሲካፈሉ የታችኛው ለታላቃችን ለጋሼ፣ የላይኛው ለታናሻችን ደረሰ። ታናሻችንን የሁለት ልጆች አባት ሆኖም ዛሬም ጩጬ ነው የምንለው። የታችኛው አፈር ሰብል ከሚያዘገየው ከቀዝቃዛው ምድብ ከገባ የአባታችን የውሃ ፓምፕ ለጋሼ ካሳ ይሆናል፤ ካልገባ የጋራ ነው። ያለ ፓምፑ የጩጬ ችግኞች አንድ በጋ አይሻገሩም። የአፈር ባለሙያዋ እኔ ስለሆንኩ "አንቺ ያልሽው ይሁን" ብለው ምለዋል።

ከስምንት ዲግሪ በታች ቀዝቃዛ፣ እስከ አስራ አምስት መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ሞቃት ነው። የሚታየው የዓመቱ አማካይ ስለሆነ በየወቅቱ ግማሽ ሜትር ወርጄ ስለካ ከረምኩ፤ የቀንና የሌሊት ለውጥ እዚያ ድረስ አይዘልቅም። የውሃና የጭድ ቅዝቃዜ ግን ይዘልቃል። እርጥብ አፈር ቶሎ አይሞቅም፣ ጭድ ደግሞ ፀሐይ ይከለክለዋል።

"ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ያፈሰሰው ማነው?"

"እኔ አፍስሼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጩጬ ሳቀ። "የአፈር ሙቀት የሚሰርቅ ሌባ ዛሬ ገና አየሁ" አለ።

ጋሼ የአካፋውን እጀታ አፉ ላይ አሳረፈበት። ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ጩጬ ደሙን ተፋና በጭንቅላቱ ሆዱን መታው። ተያይዘው ሲመጡብኝ ዘልዬ ወጣሁ፤ እነሱ ገቡ። ለአንድ ሰው የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጎልማሶች በጥርስ፣ በጥፍር፣ በክርን ተበላሉ።

ጩጬ ከላይ ሆነ። ጉልበቱን ጋሼ ጀርባ ላይ ተክሎ፣ ማጅራቱን ጨብጦ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ደፈቀው።

"ጠጣ" ይለዋል ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። "ያፈሰስከውን ጠጣ።"

በደረቴ ተኝቼ ፀጉሩን ጎተትኩ፣ ጆሮውን ያዝኩ፣ በልጆቹ ለመንኩት። አልሰማኝም። የጋሼ እግሮች መፈራገጥ ጀምረው ነበር፤ አሁን እያቆሙ ነው። እውነቱ ከጩጬ ጋር መሆኑን አውቃለሁ፤ ያንገበገበኝም ይሄው ነው። ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው ነቀልኩና የሾለውን ብረት ክንዱ ውስጥ ሰደድኩት።

ያኔ ለቀቀው። ክንዱን ታቅፎ ከጉድጓዱ ወጣ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል፣ እሱ ግን ደሙን ትቶ እኔን ነው የሚያየው።

"እኔን?" አለ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ችግኞቹ ሄደ።

ከታች ጋሼ ተገላበጠ። ጭቃ አስታወከ፣ ትንፋሹን እየጎተተ ዓይኑን ጠረገ። ወንድሙ የት እንደደረሰ አልጠየቀም። ዓይኑ እጄ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ላይ አረፈ።

"ስንት አለ?" አለኝ።