ስምንት ዙር

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ታክሲ የተኮናተረችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ሾፌሩ ደህና ሰው ይመስላል፤ ልጅቷ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሳይቀር ጠይቋል። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ግን ድንገት ዝም አለ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ እሷም ተወችው።

አደባባዩ ጋ ደረሱ። ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወርደውን መንገድ አልፎት ዞረ።

«ወንድሜ፣ አለፍከው እኮ!»

እንደገና ዞረ፤ እንደገና አለፈው። መኪናዋ ወደ ግራ ስትታጠፍ የሴትዮዋ ሰውነት ቀጥ ብሎ መሄድ ፈለገ፤ ትከሻዋ ከቀኙ በር ጋር ተላተመ። ወዲያው ሾፌሩ በሮቹን ከፊት ቆለፋቸው።

«ኧረ ምን ጉድ ነው! አውርደኝ!»

«እህቴ፣ ቀበቶሽን እሰሪና ዝም በይ።»

ጡሩምባውን ተጭኖ አልለቅ አለ። ጩኸቴን ሰው እንዳይሰማ ነው፣ አለች በሆዷ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ በሦስተኛው ዙር ባሰበት። እግሩ አንድ ቦታ አያርፍም። እጁን በወንበሩ ጎን ሰዶ የሆነ ነገር ሳበ። ቢላ ነው! አለች ለራሷ።

«በእናትህ! ልጄ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው!»

«ልጅሽን ከወደድሽ በሩን አትንኪ!»

በመስታወቱ አያት። ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

እንግዲህ እናት ናት፣ ምን ታድርግ? ጫማዋን አወለቀችና ማጅራቱን አለችው። ደገመችው። መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ መዞሩን ቀጠለ። አምስት። ስድስት። ሰባት። በስምንተኛው ዙር መኪናዋ የአደባባዩን ጠርዝ እየፋቀች ሄዳ ቆመች።

ሰው ግር ብሎ ከበባቸው።

«ሊገድለኝ ነበር! ልጄን ያለ እናት ሊያስቀራት!»

ሾፌሩ አፉን ሊከፍት ሲል አንዱ በጥፊ፣ ሌላው በእርግጫ ተቀበለው። አደባባዩ ላይ የነበረው ትራፊክ ፖሊስ በስንት መከራ አስጥሎ እጁን በካቴና አሰረው።

«ጌታዬ፣ አንዴ ስሙኝ...»

«ጣቢያ ትናገራለህ!»

ሴትዮዋ ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቱ አየች። ተማሪዎቹ ተለቀው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተውታል። ልጇም መሃል አስፋልቱ ላይ ቆማ እጇን ታውለበልባለች። ተመስገን፣ አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ትራፊኩ መኪናዋን ከመንገድ ሊያነሳ ገባና ፍሬኑን ረገጠ፤ ፔዳሉ ምንም ሳይዝ እስከ ወለሉ ወረደ።