ቤት የተሳሳተችው ለቀስተኛ

የትርሲት ጥፋት ሁሉንም ሰው እኩል መውደዷ ነበር። በሠልስቷ ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሁሉ «የልብ ጓደኛዬ ነበረች» ይላል፤ ጥግ የተቀመጠችውን ወጣት ቅናት ያንገበግባታል። ትርሲት የእሷ ብቻ ትመስላት ነበር።

«ትርሲት ቤት ተሳስታ ለማታውቀው ሟች ደረቷን የደቃችውስ?» አለ አንዱ። «ንፍሮውን ሳይቀር በልታ ነው የወጣችው!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ።

ወጣቷ ደነገጠች። ቤት የተሳሳተችው እሷ ራሷ ነበረች። ትርሲት ጓደኛዋ እንዳይሳቅባት ብላ ታሪኩን የራሷ አድርጋ አውርታዋለች። ይህን አሁን ብትናገር ሁሉንም ትበልጣቸዋለች። አፏን ከፈተች።

ከገጠር የመጡት የትርሲት እናት ቀደሟት። «አንቺስ ልጄ፣ የትርሲት ምኗ ነሽ?»

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ይቅርታ እማማ፣ ቤት ተሳስቼ ነው» አለች።

ነጠላዋን ሰብስባ ወጣችና በሩን ዘጋችው።